ለእንጀራና ለመቃብር ደብተር አይጠየቅ፦ ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
ደሴ

ለደብራችን አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው አባላት በሙሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ሰንበቴ ቤቱ መከራየት፣ ነዳያን ከበር ስለ መነሣታቸው፣ በሰበካ ደብተር ስለ ተወሰነው የእርዳታና የቀብር አሠራር

የተከበራችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

በመስከረም መጨረሻ በደብሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፋችሁትን ውሳኔ አንብበናል። ሰንበቴ ቤቱ በሱቅ በሱቅ ተከፍሎ ይከራይ፤ በበሩ ግራና ቀኝ የሚቀመጡት ነዳያን ከዓመቱ ንግሥ በፊት ይነሡ፤ ከደብሩ ማንኛውንም አገልግሎትም ሆነ እርዳታ የሚፈልግ ሰው የዘመኑን ክፍያ ያጠናቀቀበትን የሰበካ ደብተር ያሳይ ይላል። ለእኛ ለሰንበቴው አባላት አስቀድሞ የነገረን የለም። እንደ አላፊ አግዳሚው ቆመን ነው ያነበብነው። ደብዳቤ አስገባን፣ ደጅ ጠናን፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘንም። ነገሩን ወደ ምእመኑ ያወጣነው ስለዚህ ነው። የደብሩን ስም ያልጻፍነው ቤታችን ስለሆነ ነው፤ የሚመለከተው ያውቀዋል።

ከሁሉ አስቀድመን የሚያንገበግበንን እናንሣ፤ የቀብሩን ነገር።

ባለፈው ክረምት አንድ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ፣ በገበያ ሸክም እየተሸከመ ሚስቱንና ልጆቹን የሚያሳድር ሰው በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ታሞ ዐረፈ። ቅሬ፣ ማለትም የሰፈሩ እድር፣ አልገባም ነበር፤ ከየት አምጥቶ ይግባ። የሰፈሩ ቅሬ ግን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ቅሬ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ «ሰው ሞቶ እንዴት ዝም ይባላል» ብሎ ድንኳኑን ተከለ፤ ሳጥን አሠራ፤ ሬሳውን ተሸክሞ ደብሩ ደረሰ። ጽሕፈት ቤታችሁ ደብተር ጠየቀ። የለውም ሲባል ከነበረበት አጥቢያ መሸኛ ይምጣ ተባለ። ይህ የሆነው ረፋድ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሬሳው ከዛፉ ሥር እንደተቀመጠ ካፊያው ሲወርድ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያወለቁ ሳጥኑ ላይ ደረቡ። በመጨረሻ የቅሬው ዳኛ፣ ሙስሊም ናቸው፣ ከኪሳቸው ገንዘብ አውጥተው «በሉ መዝግቡት» አሉ። ጸሐፊው የሟቹን ስም በአባልነት መዝግቦ፣ የዓመቱን ክፍያ ተቀብሎ ደረሰኝ ቆረጠ። ካህናቱ ለፍትሐት የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ደረሰኙ እጃችን ላይ ይገኛል፤ ሰውየው የደብሩ አባል የሆነበት ቀንና የተቀበረበት ቀን አንድ ነው።

ዳኛው ሲሰናበቱ ለአንዳችን ያሉትን እንንገራችሁ፦ «እኛ ዘንድ ለጀናዛ ደረሰኝ አይቆረጥም እኮ፣ ወንድም ጋሼ።» ለዚህ የሚመለስ ነገር ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን፤ በሰፈር በተገናኘን ቁጥር እያፈርን ነው።

ክፍያውን አንቃወምም። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ሲታወጅ ምእመኑ በእውቀቱ፣ በጉልበቱና በገንዘቡ ቤተ ክርስቲያኑን እንዲያገለግል ነው፤ ካህናቱም የሚበሉት ከዚያ ነው። ሦስት ፎቅ ቤት ያለው ሰው የዓመት ክፍያውን ሳይከፍል ሠርግ ሊደግስ ሲመጣ ብትይዙት ቅር አይለንም፤ እንዲያውም እሱን ያዙልን። አሁን ግን ደብተሩ የሚይዘው መክፈል የማይችለውን ብቻ ሆኗል። የሚችለውማ በስልክ ይጨርሳል።

«መሸኛ አምጡ» የሚለው ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ በአውቶቡስና በአውሮፕላን እየጫነ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል ያሰፈራቸው የወሎ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ። አያቶቻቸው ክርስትና የተነሡት በዚሁ በእኛ አገር ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ጥይት አባርሯቸው ወደ አባቶቻቸው ምድር ሲመለሱ በሐይቅ በኩል ጃሪ፣ በሐብሩ በኩል ጃራ መጠለያ ገቡ፤ በድንኳን መኖር የሰለቸው ደሴና ኮምቦልቻ ወርዶ የቀን ሥራ ያዘ። በከብት የተሞላ በረትና የሞላ ጎተራ ትተው የወጡ ሰዎች የአጥቢያቸውን ማኅተም ይዘው እንዲወጡ ነበር እንዴ የጠበቅነው?

አንዲት እናት ሴት ልጇ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና ልታስነሣ መጣች። መሸኛ ተባለች። «የአጥቢያችን ቄስ እዚያው ጃሪ አብረውን ነው ያሉት፤ እሳቸው መጥተው ይመስክሩልኝ» አለች። ያለ ማኅተም አይሆንም ተባለ። ማኅተሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተቃጥሏል። ቄሱ አለ፣ እናቲቱ አለች፣ ሕፃኗ አለች፣ ጠበሉ አለ፤ የጎደለው አንድ ክብ ቀለም ነው። ሌላ አጥቢያ ወስዳ አስነሣቻት፤ ያስተናገዷት አባት ምንም አልጠየቋትም። «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በእኛም ደብር ይነበባል። ምዕራፉ ስለ መሸኛ የሚለው ነገር የለም።

አሁን ወደ ሰንበቴ ቤቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ብንረዝም ይቅር በሉን፤ ግድግዳውን በጭቃ የመረጉት አባቶቻችን ናቸው።

ምናልባት ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ቅዳሴ እንደወጣ ወደ ጽሕፈት ቤት ስለምትገቡ እዚያ ውስጥ የሚደረገውን አላያችሁ ይሆናል። ተረኛው ዳቦውን በሞሰብ ይዞ ይገባል፤ ሴቶቹ ንፍሮውን፣ ሽሮውንና ምስሩን ያስከትላሉ። ካህኑ ባርከው ዳቦው ሲቆረስ የመጀመሪያው ቁራሽ ወደ በሩ ነው የሚወጣው፤ ይህ እኛ ሳንወለድ የነበረ ሥርዓት ነው። አባሉ የሚቀምሰው ከዚያ በኋላ ነው። የጦሳ ተራራ በጉም በተሸፈነበት ጠዋት፣ የደሴ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ወቅት፣ ሌሊቱን በረንዳ ያደሩ ሽማግሌዎች ለአንድ ሰዓት ያህል ከምድጃው ዳር እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። የቸገራት እናት ለልጆቿ የሚሆን እንጀራ በፌስታል ይዛ ትወጣለች፤ ማን እንደሰጣት ሳይታወቅ፣ ፎቶ ሳትነሣ። እኛ «ፕሮጀክት» ብለነው አናውቅም። ሰንበቴ ነው።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ምንም ሳይሰጥ የሚያሰናብተውን ሰው ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቃል። ደሴ ላይ ሆኖ ይህን ሲያነቡት ምድጃ ያለውን ቤት ቆልፎ «እሳት ሙቁ» ማለት ምን እንደሆነ ይገባል።

በ2013 ክረምት ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ ሕዝቡ በእግሩ ወደ ደሴ ሲጎርፍ፣ ትምህርት ቤቶቹ ሞልተው ሰው በየበረንዳው ሲያድር፣ የሰንበቴው ብረት ድስት ከምድጃ አልወረደም። ያን ጊዜ ማን ከየት አጥቢያ መጣ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እናንተም አልጠየቃችሁም፤ አንዳንዶቻችሁ ሽንኩርት ስትከትፉ አይተናል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ራሷ ደሴ ሲደርስ ተራው የእኛ ሆነ። ኮምቦልቻን አልፎ እስከ ደብረ ብርሃን የተሰደደው አባላችን በማያውቀው ሰው ቤት በላ፣ ተኛ፤ ልጁ ሲታመምበት በማያውቀው ሰው ገንዘብ ታከመ። ያ የበላነው እንጀራ ዕዳ አለው። የምንከፍለው ደግሞ ላበላን ሰው አይደለም፤ እሱ አልጠየቀንም፤ ዛሬ በራችን ላይ ለቆመው ነው።

የኢየሩሳሌምን የመጀመሪያይቱን ቤተ ክርስቲያን አስቡ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የሚጀምረው በማጉረምረም ነው፤ ከውጭ የመጡት ወገኖች መበለቶቻቸው በየቀኑ በሚታደለው ምግብ ችላ ተባሉ ብለው አጉረመረሙ። ልክ እንደ እኛው የአገሬውና የመጤው ጉዳይ ነበር። ሐዋርያት የመበለቶቹ አባልነት ይጣራ አላሉም፤ አጉረምራሚ ብለውም አልተቆጡም። ሰባት ሰዎች አስመርጠው ለማዕድ አገልግሎት ሾሙ። የእነዚያ አለቃ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፤ እዚሁ ሐይቅ ላይ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያበለጸጉት ገዳም የሚጠራው በእሱ ነው። ለንግሡ መኪና ተከራይተን የምንሄድ ሰዎች ሰማዕቱ መጀመሪያ የተሾመበትን ሥራ ሱቅ አድርገን ማከራየታችን ትንሽ ቢከብደን መልካም ነበር።

ኪራዩ ለአዲሱ ሕንፃ ማስጨረሻ ይውላል ብላችኋል። ሕንፃው ይለቅ፣ እሰየው፤ ድንጋዩንና አሸዋውን ስናመላለስ የነበርነው እኛው ነን። ነገር ግን ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ ካስተማራቸው ድርሳናት በ50ኛው ክርስቶስን በቤተ መቅደስ ውስጥ በሐር እያከበራችሁ ውጭ በብርድና በዕርቃን ሲጎሳቆል ቸል አትበሉት ብሏል። ይህን ሲል መቅደስ አይሠራ ማለቱ አልነበረም፤ መቅደሱ ከድሃው አፍ ተነጥቆ አይሠራ ነው። ገንዘብ ከተፈለገ በአስፋልቱ በኩል ከአጥሩ ውጭ ባዶ የተቀመጠ ቦታ አለ። እዚያ ሱቅ ይሠራ፤ የጉልበቱን ሥራ ሰንበቴው ይችላል። ይህን ሐሳብ በጽሑፍ አቅርበን ነበር፤ ያነበበው ሰው ካለ አናውቅም።

ስለ በሩ አጭር ነገር እንበል። ለንግሡ እንግዶች ስለሚመጡ «የደብሩ ገጽታ» እንዳይበላሽ ነዳያኑ ይነሡ ተብሏል። ውሳኔው እንደተለጠፈ ጥበቃዎቹ አንድ ዐይነ ስውር አባት በባጃጅ ጭነው ከከተማው ዳር አውርደዋቸው ተመለሱ። በማግስቱ መንገድ እየጠየቁ መጡ፤ ሌላ የሚያውቁት ቦታ የላቸውም። ለመሆኑ በሰበካ ጉባኤው ውስጥ ካላችሁት ካህናት አኮፋዳ ሳያነግት፣ ውሻ ሳያባርረው፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሳይል ዜማና ቅኔ የተማረ አለ? ዛሬ የምንሰማውን ዜማ ካህናቱ የተማሩት በገበሬ እናቶች ቁራሽ ነው። የእነዚያ እናቶች ልጆች ዛሬ በራችን ላይ ሲቀመጡ ገጽታ አበላሹ ሲባል ያሳፍራል። ያውም በንግሥ ቀን፤ ሕዝቡ ስለቱን ለነዳያን የሚያድለው በዚያ ቀን ሆኖ ሳለ።

ሐሰተኛ ለማኝ አለ ብላችኋል። አለ። ልጅ ተከራይቶ የሚለምን አለ፤ ሰክሮ የሚያድርበት አለ። እነማን እንደሆኑ ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር፤ በየሳምንቱ የምናበላ ሰዎች ፊት እንለያለን። አሥሩን አስመሳይ ለመያዝ ተብሎ መቶው ራብተኛ አይባረርም።

መዝገብ መያዝ ክፉ አይደለም። በሰኔ 2015 ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የእህል እርዳታ ያቆሙት እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ ሌላ ቦታ እየሄደ ነው ተብሎ ነው፤ እስኪመለስ ድረስ ወራት አለፉ፤ በዚያ መካከል የተራበው ያልሰረቀው ሰው ነው። ያን ጊዜ ከመጠለያ ወደ በራችን የመጣውን ሕዝብ እናስታውሳለን። ከዚህ የምንማረው ካለ መመዝገብና መቆጠር ያለበት ንብረቱና የሚያከፋፍለው ሰው መሆኑን ነው። እስቲ እንጠይቅ፦ የሙዳየ ምጽዋቱ ገንዘብ በየወሩ ስንት እንደሚወጣ፣ ከዚያ ለነዳያን የሚሄደው ስንት እንደሆነ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መቼ ተለጥፎ ያውቃል? ድሃው ደብተሩን ያሳይ ከተባለ ጽሕፈት ቤቱም የራሱን ያሳይ።

የመጨረሻው ቅሬታችን ወሎ ላይ መነሣት የማይገባው ነው። አንዲት አሮጊት ከእርዳታው ሰልፍ ወጥተው እንዲሄዱ ተደረገ። ስማቸው ሲጠየቅ የሙስሊም ስም ነበረ። እኒህ ሴት ለዓመታት ከምድጃችን ዳር የተቀመጡ ናቸው፤ የሚቀርበው ሽሮና ምስር ስለሆነ ማንም ይበላዋል። ሠርግ ስንደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ አርደው የሚበሉት አዘጋጅተን የምንጠራ፣ እነሱም ለእኛ እንዲሁ የሚያደርጉ ሰዎች ነን። ከአንድ ቤት ቄስም ሼህም የሚወጣበት አገር ነው። የደብሩ አጥር ሲታጠር ድንጋይ ያቀበሉን እነማን እንደነበሩ ከመካከላችሁ ሽማግሌዎቹ ያስታውሳሉ። በመንገድ ዳር የወደቀውን ሰው አንሥቶ በራሱ አህያ የጫነው ሳምራዊ ነበር፤ አልፈውት የሄዱት ካህኑና ሌዋዊው ናቸው። ይህን ወንጌል ለእናንተ መጥቀስ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል፤ ግን ተደርጓልና ጠቀስነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ማንኛውም ክርስቲያን ሲሞት ፍትሐቱና ቀብሩ ወዲያው ይፈጸም። የሰበካ ክፍያ ጉዳይ ካለ ከሠልስቱ በኋላ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገሩበት፤ ድሃ ከሆነ ይማር። ለዚያ ሟች ቤተሰብ ደግሞ ከጉባኤው አንድ ሁለት ሰው ሄዶ ያጽናና፣ ይቅርታም ይጠይቅ። የቅሬው ዳኛ የከፈሉት ገንዘብ ይመለስላቸው።

ሁለተኛ፣ ተፈናቃዮች መሸኛ መጠየቃቸው ይቅር። በመጠለያ ካሉት ካህናት ወይም ከሁለት ምእመናን የሚሰጥ ምስክርነት ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ሰንበቴ ቤቱ አይከራይ። ውሉ ከተፈረመ ይፍረስ፤ ተከራዩ የሰጠው ቀብድ ካለ ሰንበቴው አዋጥቶ ለመመለስ ዝግጁ ነው።

አራተኛ፣ ለእርዳታ ደብተር የሚጠይቀው አንቀጽ ይሰረዝ፤ የሰው ሃይማኖት በማዕድ ላይ አይጠየቅ። የእርዳታውን ሥራ የሚመራ አንድ ኮሚቴ ይቋቋም፤ ከጉባኤው፣ ከሰንበቴው፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱና ከተፈናቃዮቹ ራሳቸው የተውጣጣ። ገቢና ወጪው በየወሩ ይለጠፍ።

አምስተኛ፣ በንግሡ ቀን ነዳያን ከቦታቸው አይነሡ። እንግዶቹ ከሀገረ ስብከት ይምጡ ከአዲስ አበባ፣ ያለነውን እንዳለን ይዩን።

መልሳችሁን እስከ ኅዳር 12 ቀን እንጠብቃለን። ከዚያ በሚቀጥለው እሑድ ተረኞቹ ዳቦውን ጋግረው ይመጣሉ። ቤቱ ተቆልፎ ካገኘነው ከውጭ፣ ከበሩ ላይ፣ ከነዳያኑ ጋር ተቀምጠን እንቆርሳለን፤ ካህን ካልተመደበልንም አቡነ ዘበሰማያት ብለን እንበላለን።

ስለ ሰንበቴው አባላት፣
የሰንበቴው ሙሴ (መሪ)
የሰንበቴው ጸሐፊ
የሰንበቴው ገንዘብ ያዥ

ግልባጭ፦
ለወረዳው ቤተ ክህነት ጽሕፈት ቤት
ለደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት
ለሰፈሩ ቅሬ
ለደብሩ ምእመናን በሙሉ